ምራት ያስገነባችው ከተማ

ጎንደር ውስጥ አማት ያለው ሰው ግንብ አይቶ አይጨርስም። ሆቴል ያረፈ እንግዳ ጧት ተነሥቶ ማኪያቶውን ይጠጣል፣ ካሜራውን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፣ እስከ ምሳ ሰዓት የአምስት ነገሥታትና የአንዲት እቴጌ ቤት ዞሮ ይመለሳል። አማቱ ቤት ያረፈ ግን መጀመሪያ ከቁርስ መውጣት አለበት። ቁርሱ ሲያልቅ «አፈር ስሆን» የሚባል ሌላ ቁርስ ይመጣል። በረካው ሳይቀዳ መነሣት ነውር ነው፤ በረካው ሲቀዳ ደግሞ ጎረቤት «እንግዶቻችሁ ገቡ አሉ» ብላ ብቅ ትላለች፣ ለእሷ አዲስ ቡና ይቆላል፣ የተቆላ ቡና ጥሎ መውጣት ከሁሉም የባሰ ነውር ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን የፋሲል ግንብ ጉልላት ከመስኮቱ ማዶ ቁጭ ብሎ ያይሃል። እሱ እንደሆነ አይቸኩልም።

ሁለት ሆነን ነው የሄድነው። እኔ ከአዲስ አበባ፣ የባለቤቴ የአክስት ልጅ ደግሞ ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ። እሱ ስልኩ ላይ ዝርዝር ይዞ ነበር የመጣው፦ ፋሲል ግንብ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ የፋሲል መዋኛ፣ ቁስቋም፣ ወለቃ። ለእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል መድቦለታል። አማቴ መነጽራቸውን አድርገው ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበቡና፣

«ምሳው የታለ?» አሉ።

ከዚያ ቀጥለው ስለ እህታቸው ጠየቁት። እናቱን የመጀመሪያ ልጁ ሲወለድ «ትንሽ ታግዘን» ብሎ አሜሪካ ወስዷት እዚያው ቀርታለች። ልጁ አሁን ሁለተኛ ደረጃ ገብቷል።

«ከሚስትህ ጋር እንዴት ናቸው?»

«ይመስገን» አለ። የጎንደር ሰው «ይመስገን» ብቻ ብሎ ሲያበቃ፣ ሰሚው የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። አማቴም የሞሉት መሰለኝ፤ ዝም ብለው ቡናቸውን ፉት አሉ።

መጨረሻ ላይ የወጣነው እሳቸውም አብረው ስለወጡ ነው። «ሰው አገር ገብታችሁ ትጠፋላችሁ» ብለው ነጠላቸውን አጣፉ፣ ጃንጥላቸውን አነሡ። ፋሲል ግንብን ፈልጎ መጥፋት እንዴት እንደሚቻል አልገባኝም፤ 32 ሜትር ከፍታ ያለው ነገር ነው። ግን አማት «ትጠፋለህ» ካሉ ይጠፋል።

ትኬት መቁረጫው ላይ ሁለት ዋጋ አለ፤ አንዱ ለኢትዮጵያውያን፣ ሌላው ለውጭ ዜጎች። ልጅቷ ትሕትና ባለው ድምፅ «ዜግነት?» አለች። የእኛ ሰው ፓስፖርቱ አሜሪካዊ፣ ቢጫ ካርዱ ሻንጣው ውስጥ፣ ሻንጣው አማቴ አልጋ ሥር ነው። አማቴ ጣልቃ ገቡ።

«ይኸ? ይኸ እኮ የእህቴ ልጅ ነው! ክርስትና ሲነሣ ያቀፍኩት እኔ ነኝ!»

«እማማ፣ ወረቀት ካላቸው ነው።»

«እኔ ቁሜ ወረቀት?»

ከፈለ። ለእሱ ብዙም አልመሰለው፤ በዶላር አስልቶ ሳቅ ሁሉ አለው። የተነኩት አማቴ ናቸው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእህታቸውን ልጅ በስሙ ጠርተውት አያውቁም። «የውጭ ዜጋው ውኃ ይፈልግ እንደሆን ጠይቀው»፣ «የውጭ ዜጋውን ደረጃው እንዳይጥለው ያዘው» እያሉኝ ዋልን።

አስጎብኚያችን መታወቂያውን ደረቱ ላይ የለጠፈ፣ ንግግሩ የጠራ ወጣት ነበር። ግቢው ወደ 70,000 ካሬ ሜትር እንደሚሆን፣ የ900 ሜትር አጥር እንደሚዞረው፣ 12 በር እንዳለው፣ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት እንደተመዘገበ በአንድ ትንፋሽ ነገረን። ዋናው የፋሲል ግንብ ፊት ስንደርስ ሁላችንም ዝም አልን። ፎቶውን ከብር ኖት እስከ ካላንደር ስናየው ያደግን ሰዎች ነን፤ ፎቶው ግን ድንጋዩን አያሳይም። ጥቁር ቡናማው ሻካራ ድንጋይ ላይ የመስኮቱና የበሩ ቅስት ብቻ በቀይ ድንጋይ ተከቧል፤ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ቅስቶቹ ከግድግዳው ተለይተው ወደ ፊት የወጡ ይመስላሉ። አራቱ ማዕዘን ላይ እንቁላል የመሰለ ጉልላት የደፉ ክብ ማማዎች አሉ። እጄን ግድግዳው ላይ ሳሳርፍ ኖራው በጣቴ ዱቄት ሆኖ ቀረ።

«ፖርቱጋሎች ናቸው የሠሩት አይደል?» አለ የውጭ ዜጋው።

አስጎብኚው ይህን ጥያቄ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰማ ከፊቱ ያስታውቃል። መጀመሪያ ተነፈሰ። ከዚያ በትዕግሥት ጀመረ። አፄ ሱስንዮስ በፖርቱጋሎች በኩል የመጡትን የኢየሱሳውያንን ስብከት ሰምተው ካቶሊክ ሆኑ፤ አገሩ በዚያ ምክንያት ተፋጀ፤ ደም በዛ። በ1624 ዓ.ም. ሃይማኖቱን መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ፋሲልም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ፣ ከዚያ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ይህችን ከተማ ቆረቆሩ።

«እንግዲህ ወንድሜ» አለ፣ «ሰው ያባረረውን ሰው መልሶ ጠርቶ ቤት ሥራልኝ ይላል?»

ክርክሩ ጥሩ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ብቻውን አያሸንፍም፤ ግንበኛ ከተባረረ በኋላ እጁ ያስተማረው ሰው ሊቀር ይችላል። አስጎብኚው ግን የሚያስከትለው ነበረው። ከፋሲል በፊት አፄ ሠርፀ ድንግል ጉዛራ ላይ ግንብ አሠርተዋል፤ ሱስንዮስም ደንቀዝ ላይ። በ1640 ዓ.ም. ከየመን ኢማም ተልኮ የመጣው ሀሰን አል ሀይሚ ደግሞ ግንቡን አይቶ ገንቢው ህንዳዊ መሆኑን ጽፏል። የህንድም፣ የቱርክም፣ የፖርቱጋልም፣ የአገሬውም እጅ አለበት፤ ያሠራው ግን ፋሲል ነው።

«ይኸን ሁሉ ትተህ» አሉ አማቴ ጃንጥላቸውን ተደግፈው፣ «ለምን እንደተሠራ ንገራቸው።»

«እሺ እማማ። አንድ ቀን አፄ ፋሲል ለአደን ወጥተው ጎሽ ሲከተሉ፣ ጎሹ እየመራ እዚህ ቦታ ያደርሳቸውና አንድ ባሕታዊ...»

«ጎሹን አውቀዋለሁ። አባቱ ቤት ለምን አልኖረም? ደንቀዝ ላይ የተሠራ ግንብ አለ አላልክም አሁን?»

«አዎ፣ ግን...»

«አየህ። የተሠራ ቤት እያለ የወጣ ልጅ፣ ሚስት አግብቷል ማለት ነው።»

የአማቴ የታሪክ ትንተና በዚህ ተጀመረ። አስጎብኚው መንገዱን ሁሉ በዓመተ ምሕረት ሊያቆማቸው ሞከረ፤ አልቻለም። እኔም በበኩሌ በዚያ ግቢ ውስጥ ሁሉንም የሚያስታርቅ ሌላ ትንተና አልሰማሁም።

ነገሩን እስቲ እዩት። ፋሲል ያንን የሚያክል ቤት ሠርቶ ሞተ። ልጁ መግባት ይችል ነበር። የልጅ ልጁም እንዲሁ። ግን በዚያ ግቢ ሁሉም የየራሱን ነው የሠራው። አስጎብኚው «እያንዳንዱ ንጉሥ ክብሩንና ኃይሉን ለማሳየት ነው» ይላል፤ መጻሕፍቱም ይህንኑ ይላሉ። አማቴ «ምራት ከአማት ጋር አልኖርም አለች፣ በቃ» ይላሉ።

«እማማ፣ አፄ ዮሐንስ እኮ ያሠሩት ቤተ መጻሕፍት ነው» አለ ልጁ፣ አሁን ያዝኳቸው በሚል ድምፅ።

«ታዲያ! ባል በሁለቱ መካከል ሲጨነቅ ወዴት ይሂድ? መጽሐፍ ላነብ ነው ብሎ ይሸሻል እንጂ።»

«አፄ ዳዊትስ? የመዝሙር አዳራሽ ነው የእሳቸው።»

«ጩኸቱ እንዳይሰማው ነዋ!»

እዚህ ላይ አስጎብኚው ሳቁ አመለጠው፤ ከዚያ በኋላ አስጎብኚነቱን ትቶ ተከታይ ሆነ። አንድ ነገር ልብ አልኩ። እሱ «አፄ በካፋ ይህን የግብር አዳራሽ አሠሩ» ሲል፣ አማቴ «በካፋማ ነገረኛ ነበር» ይላሉ። እሱ ነገሥታቱን አንቱ ይላል፤ እሳቸው ሰፈርተኛ ነው የሚያደርጓቸው። ልብሱን ለውጦ ሕዝቡ መካከል እየዞረ ማን ምን አለኝ ብሎ የሚያዳምጥ፣ አንዳንዴም ሞተ አስብሎ ማን እንደሚያለቅስ የሚያይ ንጉሥ እንደነበር አፈ ታሪኩ ይናገራል። አማቴ ይህን ሲያወሩ ወዲያና ወዲህ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሰውየው ከሞተ 300 ዓመት ሊሞላው ነው፤ እሳቸው ግን አሁንም ከአጥር ሥር ተደብቆ እንዳይሰማቸው ይጠነቀቃሉ።

የታላቁ ኢያሱ ግንብ ጣሪያ የለውም። በዝሆን ጥርስ፣ በመስተዋትና በወርቅ ያጌጠ ነበር ይባላል፤ በ1696 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ነካው፤ ጣልያን ግቢውን መምሪያው ባደረገ ጊዜ ደግሞ የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ ጣለበት። ቀና ስትል ሰማይ ነው። የአንበሶቹ ቤት ጋ ስንደርስ አማቴ ትንሽ ቆዩ። እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ እውነተኛ አንበሶች ይኖሩበት ነበር፤ እሳቸው ልጅ ሳሉ ሌሊት ሲያገሡ ከአልጋቸው ላይ ይሰሟቸው ነበር። «እናቴ፣ ካልተኛሽ ለፋሲል አንበሳ እሰጥሻለሁ ትለኝ ነበር» አሉን። ከዚያ ወዲያው ምሳ ሰዓት መድረሱ ታወሳቸው።

ምሳውን አልተርክም። ወለቃ ከዝርዝሩ የወጣችው በእሱ ምክንያት እንደሆነ ብቻ ይታወቅልኝ። የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች፤ ነዋሪዎቿ በ1977ና በ1983 ዓ.ም. በነበሩት ጉዞዎችና በሌላም ጊዜ እስራኤል ገብተዋል፤ ስሟ ከሸክላ ሥራው ጋር ቀርቷል። ከከተማው በሰሜኑ መንገድ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ናት። በእኛና በእሷ መካከል ግን ዶሮ ወጥ ገባ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ አማቴ ዝም ያሉበት ብቸኛ ቦታ ነው፤ ምክንያቱም እሳቸው በሴቶች በር፣ እኛ በወንዶች በር ስለገባን ነው። ታላቁ ኢያሱ ያሠሩት ይህ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ከተረፉት ነው። ንብ ወጥቶ አባረራቸው ይላል የአገሩ ሰው። ንቡን ብጠራጠር እንኳ ጣሪያውን ካየሁ በኋላ አንድ ነገር መከላከሉ አይቀርም ብያለሁ። ጣሪያው በሙሉ የመላእክት ፊት ነው። ክንፋቸው ከአንገታቸው ሥር የሚጀምር፣ ፊታቸው ክብ፣ ዓይናቸው ትልልቅ፣ በረድፍ በረድፍ። ከሩቅ ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ ጠጋ ብለህ ስታይ አንዱ ወደ ግራ ያያል፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ቅንድቡን ሰቅሎ የሆነ ነገር ሰምቶ የተገረመ ይመስላል። ሠዓሊው በዚያ ሁሉ ፊት መካከል እየሰለቸው እንኳ ማላገጡን አልተወም።

የውጭ ዜጋው ሊቆጥራቸው ጀመረ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጠፋበት። እንደገና ጀመረ፣ እንደገና ጠፋበት። ከሴቶቹ በኩል «መላእክት አይቆጠሩም፣ አንተ ልጅ!» የሚል ሹክሹክታ መጣ። በስሙ ባይሆንም፣ «አንተ ልጅ» ከ«ውጭ ዜጋ» ይሻላልና ደስ ብሎት ተወው።

የፋሲል መዋኛ ስንደርስ ባዶ ነበር። ገንዳው ውኃ የሚሞላው ለጥምቀት ነው፤ ከቀሃ ወንዝ በቦይ ይመጣለታል። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ የሚመጣው ሰው እንደሚታወቀው ነው። በሌላው ወራት ግን ከታች ደረቅ ወለል፣ መካከሉ ላይ ባለ ፎቁ ቤት፣ ዙሪያውን ደግሞ የዛፎች ሥር ነው። ሥሩ አጥሩን ከላይ እስከ ታች አቅፎታል፤ ድንጋዩን እያፈረሰው ይሁን ይዞት እንደሆነ ማወቅ ያስቸግራል። አማቴ ትዳር ይመስላል አሉ። ወደ አንዲት ጉልላት ያላት ትንሽ ግንብ ደግሞ በጃንጥላቸው ጫፍ አመለከቱን። የንጉሡ ፈረስ የዞብል መቃብር ናት ይባላል።

«በዚህ ከተማ» አሉ፣ «ያለ ጠብ የራሱን ቤት ያገኘ ፈረሱ ብቻ ነው።»

የእህታቸው ልጅ ጉልላቷን በጣም ረጅም ጊዜ ተመለከታት። የሲልቨር ስፕሪንግ ቤቱን ዕዳ ከፍሎ የሚጨርሰው ጡረታ ሲወጣ እንደሆነ ማታ ነግሮኝ ነበር።

ቁስቋም ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ነው። ባጃጁ እያቃሰተ ወጣው። እቴጌ ምንትዋብ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ከነቤተ መንግሥቱ ያሠሩት እዚህ ነው። ቤተ መንግሥቱ ፈርሷል፤ በቆመው ግድግዳ ላይ ግን በቀይ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎች እስከ ዛሬ አሉ። እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲደርስ በፈንጣጣ የታመሙትን የቤተ መንግሥት ሰዎች ያከመው እዚህ ነው። አማቴ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። እስካሁን የተናገሩት ሁሉ መቅድም ነበር።

በካፋ በ1723 ዓ.ም. ሞቱ። ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ሕፃን ስለነበር እናቱ ምንትዋብ መንግሥቱን ያዙ። ልጁ አደገ፣ ውቢት የምትባል ከኦሮሞ ባላባቶች ወገን የሆነች ሴት አገባ። ኢያሱ በ1747 ዓ.ም. ሲሞት ልጁ ኢዮአስ ነገሠ፤ እሱም ገና ልጅ ነው። ማን በእሱ ፈንታ ያስተዳድር? አያቱ «እኔ ለምጄዋለሁ» አሉ። እናቱ «የእኔ ልጅ ነው» አለች። ምንትዋብ የቋራ ዘመዶቻቸውን አስገቡ፣ ውቢት ወንድሞቿን ከነወታደራቸው አመጣች። ግቢው ለሁለት ተከፈለ። ለማስታረቅ ተብሎ ከትግራይ ራስ ሚካኤል ስሑል ተጠሩ። አስታራቂው መጡ፣ ወደዱት፣ ቀሩ፤ በ1761 ዓ.ም. ወጣቱን ንጉሥ ኢዮአስን አስገደሉት። የታሪክ መጻሕፍት ዘመነ መሳፍንት ጀመረ የሚሉት ከዚያ ነው።

«አማትና ምራት አንድ ወጥ ቤት ስላልበቃቸው» አሉ አማቴ፣ «አገር ተበተነ። እንዲህ ብለህ ጻፈው።»

ይኸው ጻፍኩት። ከዚያ ግን ወደ እኔ ዞሩ።

«ይኸ ሚካኤል የሚሉት ደግሞ ማን እንደነበር ታውቃለህ? የእቴጌዋ ልጅ የአስቴር ባል። አማች!»

ምን ይባላል? ስለ ራስ ሚካኤል ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አንድ አባት አነስተኛ ሣጥን አሳዩን። ፊቱ መስተዋት ነው። ውስጡ አፅም አለ፤ የእቴጌ ምንትዋብ፣ የልጃቸው የኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ ነው። ሁላችንም አማተብን። አማቴ ጠጋ ብለው በመስተዋቱ ውስጥ ቆጠሯቸው።

«አባቴ፣ ምራቲቱስ?»

«ምን አሉኝ?»

«ውቢት። አብራ አለች?»

«እሳቸውስ የሉም።»

አማቴ ቀና አሉ። እኛን አላዩንም፤ ማየትም አላስፈለጋቸውም። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ባጃጁ ወረዱ።

መንገድ ላይ የእህታቸው ልጅ ስልክ ጮኸ። ሲልቨር ስፕሪንግ ገና ጧት ነው። እናቱ በቪዲዮ ታየች፤ ከኋላዋ የሚስቱ ድምፅ ይሰማል። የሽሮ ድስት ማን የት እንዳስቀመጠው ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ ለእሱ፣ በትሕትና ያስረዱታል። «እሺ እማዬ... እሺ ውዴ... እሺ እማዬ» ሲል ቆይቶ ኔትወርኩ ተቋረጠ ወይም ራሱ አቋረጠው። ትንሽ ዝም አለና ወደ ባጃጅ ነጂው ትከሻ ጎንበስ አለ።

«ወንድም፣ እዚህ አካባቢ ቦታ በካሬ ስንት ገባ?»

ነጂው በመስታወቱ አየው። «ለአገር ልጅ ነው ወይስ ለዳያስፖራ?»

«ለአማት ነው» አሉ አማቴ፣ «ወጥ ቤት ያለው ይሁን።»